የጋሽ አያልነህ ምርቃትና የድስቱ ክዳን

አንድ ቀን፣ እሑድ ይመስለኛል፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሆነ ነገር ነው። ነገሩን የሰማሁት ከሁለት ሰዎች ነው፤ ሁለቱም በሁሉም ነገር አይስማሙም። ስለዚህ ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ፤ ድስቱ ውስጥ የገባውም ካሮት ይሁን ዱባ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዓቶቹን ግን ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄ አመሳክሬአለሁ።

አሸብር የሚባል መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነበር። ሚስቱ ፀዳለ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ሐኪሟ «ብዙ እንዳትቆሚ፣ ዳገትም እንዳትወጪ» ብሏት ስለነበር ወጥ ቤቱ ለአሸብር ቀረ። አሸብር ወጥ መሥራት አይችልም። ሰዓት ጠብቆ መቀመጥ ግን ሥራው ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሰፈር በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት ገዛ። ጠዋት ሁሉንም ነገር ከተህ፣ ከድነህ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ትተወዋለህ። ማማሰል የለም፣ እሳት መቆስቆስ የለም። ፀዳለ ድስቱን «ዝምተኛው» ብላ ሰየመችው።

ይህ ቤተሰብ በየወሩ አንድ ቀን ማታ አንድ ላይ ይበላል። ድሮ የሚበላው የፀዳለ አጎት ጋሽ አያልነህ ቤት ነበር። ጋሽ አያልነህ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የማያውቁት ነገር የሌለ ሰው ናቸው። ቤታቸው ነፋስ የሚያፏጭበት ዳገት ጫፍ ላይ ነው። እጃቸውም ትንሽ ያዝ ያለ ነው፤ እዚያ ቤት ወጡ ውስጥ ሥጋ መኖሩ የሚታወቀው ጋሽ አያልነህ ስለሚናገሩ ነው። የፀዳለ እርግዝና ሲገፋ ገበታው ወደ አሸብር ቤት ወረደ፤ ጋሽ አያልነህም ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አልተቀበሉትም።

በዚያ ቀን አሸብር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የበሬ ቅልጥም፣ ድንች፣ ካሮት (ወይም ዱባ)፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድሮ፣ ከላዩ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርጎ፣ ድስቱን ከደነና ሰካው። ዘጠኝ ሰዓት ሲጨመር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። እራት በአንድ ሰዓት ነው። ልክ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ አያልነህ ናቸው።

«ጋሼ፣ እራት እኮ አንድ ሰዓት ነው» አለ አሸብር።

«ለእራት መች መጣሁ? ለቁጥጥር ነው እንጂ» አሉና ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ድስቱን ዞረው ዞረው አዩት። «ይሄ ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

«ድምፁ የታለ?»

«ድምፅ የለውም።»

«የማይንተከተክ ድስት ምን እየሠራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉና ክዳኑን ብድግ አደረጉት። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ መነጽራቸውን ሸፈነው።

«ጋሼ፣ ክዳኑ መስታወት ነው። ሳይከፍቱ ያዩታል።»

«ያላበው መስታወት ምን ያሳያል?»

«ክዳኑ አንድ ጊዜ ሲከፈት የወጣውን ሙቀት ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ይላል ከድስቱ ጋር የመጣው ወረቀት።»

«እኔ ወረቀት ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ብዙ ይላል» አሉና ከደኑት።

አሸብር ሰዓቱን አየ። ስምንት ከአሥር። እራት አንድ ከሃያ ሆነ ማለት ነው። ምንም አይደለም፣ ሃያ ደቂቃ ወሬ ይሞላዋል ብሎ ራሱን አጽናና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ አያልነህ ውኃ ሊጠጡ ገብተው ክዳኑን ከፈቱ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ «ጨው ልቅመስ» ብለው ከፈቱና መረቅ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ላሱ። አሸብር ድስቱ ፊት ቆሞ ምነው እንደ መኪናዬ በሆነ ብሎ ተመኘ። ተማሪ የሚያስተምርበት መኪና በእርሱ በኩልም ፍሬን አለው፤ ተማሪው ሲሳሳት ረገጥ ያደርገዋል። የድስት ክዳን ግን ፍሬን የለውም።

«ጋሼ፣ ሳሎን ቁጭ ቢሉ ይሻላል፤ ይደክምዎታል» አለ።

«የደከመው ይሄ ድስትህ ነው። ያልተማሰለ ነገር መቼም አይበስል። ተመልከት፣ ሥጋው አጥንቱን እንደያዘ ነው።»

«ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነው እኮ።»

«በል ስማ።» ጋሽ አያልነህ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ተማሪ ሊቀጡ ሲሉ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ይነገራል። «ልክ አንድ ሰዓት ላይ ምግቡ ገበታ ላይ ካልቀረበ፣ ወይም ክዳኑ ሲነሣ ሥጋው ከአጥንቱ ካልለቀቀ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ እራቱ ወደ እኔ ቤት ይመለሳል። በሰው ፊት ትስማማለህ?»

ፀዳለ ሳሎን ሆና ሰማች። «አሹ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ያንን ዳገት አልችለውም።»

አሸብር ሚስቱን አየ፣ ድስቱን አየ። «እስማማለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ አያልነህ ስምምነቱን ለማጽናት ይመስል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራተኛ ጊዜ ከፈቱት።

አሸብር ወጥ ቤት ብቻውን ሲቀር በጣቱ ቆጠረ። አራት ጊዜ ሃያ፣ ሰማንያ ደቂቃ። ምግቡ የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ገበታ ላይ መቅረብ ያለበት ደግሞ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ላይ ቢቀርብ ጥሬ፣ ሁለት ከሃያ ላይ ቢቀርብ ዘግይቷል፤ በሁለቱም መንገድ ፀዳለ ዳገቱን ልትወጣ ነው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ አንድ ቁራጭ ዳቦ ለፀዳለ ሰጣትና «ይቺን ነጠላሽ ሥር ያዢያት። እራቱ ትንሽ ይቆያል» አላት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እኔ ምንም። የሚያደርጉት ጋሼ ናቸው።»

አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ተሰብስበው ነበር፤ የፀዳለ እናት እትዬ አስካለ፣ ታናሽ ወንድሟ ይበልጣል፣ አሸብርና ፀዳለ፣ ጋሽ አያልነህም። አሸብር ድስቱን ተሸክሞ መጥቶ ገበታው መሀል አስቀመጠው። ሽቦውን ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር አሳልፎ ግድግዳው ላይ ሰካውና መሥራቱን የምታሳየውን የድስቱን ቀይ መብራት ወደ ራሱ አዞራት። አንድ ሰዓት ሞላ።

«ቀርቧል» አለ።

ጋሽ አያልነህ ሰዓታቸውን አይተው ከንፈራቸውን ሸርመም አደረጉ። እጃቸው ወደ ክዳኑ ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ» አለ አሸብር ፈጠን ብሎ፣ «ሳይመረቅ?»

የጋሽ አያልነህ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ቤተሰብ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ ማንም እጁን ወደ ገበታ አይሰድም፤ ያንን ሥርዓት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስከብሩት እርሳቸው ናቸው። ብድግ አሉ። ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ፤ ፀዳለ ብቻ ተፈቅዶላት ተቀመጠች።

«ይህን ቤት ይባርክልን።»

«አሜን።»

«ገበታውን አያጉድልብን።»

«አሜን።»

«የዚህን ቤት መብራት አያጥፋብን።»

«አሜን» አለ አሸብር፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ፣ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሰደድ አድርጎ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ አያልነህ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣ ለእማማ አልመረቁም» አለ አሸብር።

እውነት ነው፤ ለእትዬ አስካለ አልመረቁም። ተመልሰው ቆሙ። ለእትዬ አስካለ፣ ለእግራቸው፣ ለዓይናቸው፣ ለደም ግፊታቸው መረቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ።

«ለሚወለደውስ፣ ጋሼ?»

ለሚወለደው መረቁ። ወንድ ከሆነ ምን እንዲሆን፣ ሴት ከሆነች ምን እንድትሆን፣ በየትኛው ትምህርት እንዲበረቱ ዘረዘሩ። ፀዳለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አሜን አለች፤ ዳቦውን እያኘከች ነበር።

ይበልጣል ወደ አሸብር ጠጋ ብሎ «በእናትህ ተዋቸው። እኔ እስካሁን ያገኘሁት በረከት ይበቃኛል» አለው በሹክሹክታ።

አሸብር ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አንድ ሰዓት ከአርባ። «ጋሼ» አለ በትሕትና፣ «ያስተማሯቸው ልጆችስ?»

ይበልጣል ዓይኑን ጨፈነ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ጋሽ አያልነህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀመሩ። ሐኪም ለሆኑት መረቁ፣ ሾፌር ለሆኑት መረቁ፣ አጥር ዘለው ለጠፉትም በሄዱበት እንዲቀናቸው መረቁ። ቀስ በቀስ ከድስቱ ውስጥ ፍልቅ ፍልቅ የሚል ድምፅ መጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። እትዬ አስካለ በአሜን መሀል ምራቃቸውን ሲውጡ ተሰሙ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆነ። አሸብር ደርሷል ብሎ አሰበ። አሁን የከበደው ማስቆሙ ነው። ጋሽ አያልነህ ገና ሃያ ሰባተኛው ዓመት ላይ ናቸው፤ ድምፃቸውም አልደከመም።

«አያልነህ» አሉ እትዬ አስካለ በመጨረሻ፣ «ልጅቷ እዚሁ ገበታው ላይ ትውለድ ወይ?»

«አሜን» አሉ ጋሽ አያልነህ ደንግጠው። ሁሉም ተቀመጠ።

አሸብር ክዳኑን አነሣ። ቅልጥሙን በማንኪያ ሲነካው ሥጋው ከአጥንቱ ላይ ተንሸራቶ መረቁ ውስጥ ገባ።  ጋሽ አያልነህ አጥንቱን ይዘው ብድግ አሉና በብርሃን አገላብጠው አዩት፤ ምንም አልቀረበትም። ሊቀመጡ ሲሉ ግን እግራቸውን ሽቦ ያዛቸው። ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጡ።

«ይሄ ምንድን ነው? ድስቱ እንደተሰካ ነው እንዴ?»

«እንደተሰካ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ አያልነህ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ስለዚህ ይህን ሁሉ ሰዓት ያስመረቅከኝ ላልበሰለ ምግብ ነው?»

ፀዳለ ማኘኳን አቆመች። ይበልጣል የያዘውን ጉርሻ አየር ላይ አቆየው።

«ጋሼ» አለ አሸብር፣ «ምን ላድርግ? ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እጅዎን ከክዳኑ ላይ የማስለቅቅበት መላ ጠፋብኝ። ሲመርቁ ብቻ ነው ሁለቱም እጅዎ ሥራ የሚይዘው።»

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሞክረው አልቻሉም።  ጋሽ አያልነህ ሳህናቸውን ወደ ድስቱ አስጠጉ። «ጨው ይጎድለዋል» አሉና ሦስት ጊዜ አስጨመሩ፤ ጨውን ሳይሆን ወጡን።

ፀዳለም ዳገቱን አልወጣችም፤ እራቱ እዚያው ቀረ። ከነገርኳችሁ ሁሉ ይቺን አንዷን ግን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ፤ በሚቀጥለው ወር እራት ላይ ተጋብዤ ነበር። ጋሽ አያልነህ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው ክዳኑን አንድም ጊዜ ሳይነኩ ዋሉ። ምርቃታቸውም አራት ደቂቃ ፈጀ። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ።