የግርጌ መሻገሪያ ቅል

በሰንበሌጥ ወንዝ የታችኛው መሻገሪያ ላይ አንድ ያረጀ የዶቅማ ዛፍ አለ። ከዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ በቃጫ ገመድ የተንጠለጠለች አንዲት ቅል ትታያለች። የጠማው መንገደኛ ሁሉ በእሷ ይጠጣል፤ የተሰቀለችው ግን ለመንገደኛ ተብሎ አይደለም። በየዓመቱ ከመስቀል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ፣ በወንዙ አናት ካለችው ከራስጌ መንደር፣ ቤቱ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሠራው አባወራ በገዛ እጁ የገመደውን አዲስ ገመድ ይዞ ወደ ታችኛው መንደር ወደ ግርጌ ይወርዳል። አሮጌውን ገመድ ፈትቶ ቅሏን በአዲሱ ያስራል፤ ከዚያም የግርጌ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው እያዩት ከወንዙ ቀድቶ ሦስት ጊዜ ይጎነጫል። እሱ ሳይጠጣ በዚያን ቀን ከግርጌ ማንም እንስራውን አይሞላም። ሽማግሌዎች ስለዚህ ልማድ አመጣጥ የሚሉት እንዲህ ነው።

ራስጌ ገና አሥራ አራት ጎጆ በነበረችበት ዘመን፣ ቢተው የሚባል ሰው ከሌላ አገር አንድ ማጭድ ብቻ ይዞ መጣ ይባላል። መሬትም ዘመድም አልነበረውም። ዓይን ግን ነበረው፤ ገደሉ ሁሉ የቃጫ ተክል የበቀለበት መሆኑን፣ ከምንጩ ሥር ያለው ኩሬም ጥልቅና የተኛ መሆኑን አየ። የቃጫ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲዘፈዘፍ ሥጋው በስብሶ ይሄዳል፤ የሚቀረው ነጭ ክር ነው፤ ያንን ክር የገመደ ሰው ለበሬም፣ ለጭነትም፣ ለቤት ማገርም የማይበጠስ ገመድ አገኘ ማለት ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ በሁለቱ መንደሮች በቢተው ገመድ ያልታሰረ በሬ አልነበረም ይባላል። በሬዎቹ መቶ ስልሳ ሁለት ነበሩ፤ የቆጠራቸውም ራሱ ቢተው ነው። ሰዎች «አያ ቢተው ያልቆጠረው የራሱን ፀጉር ብቻ ነው» እያሉ ሲያሙት ሰምቶ፣ መላጣውን እየዳበሰ፣ «እሱንስ ቆጥሬ ጨርሻለሁ» አላቸው ይባላል።

ይህ ሰው አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ከሩቅ አገር ብዙ ሽማግሌ ቢላክበትም እምቢ ብሎ፣ አለኸኝ ለሚባል የግርጌ ሰው ዳራት፤ ከደጁ ቆሞ ሲያይ የቤቷ ጭስ ይታየው ነበርና። በየማለዳው ጭሱ ብቅ ሲል «ልጄ ተነሣች» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ከደጁ እስከ ደጇ ሦስት ሺህ አርባ እርምጃ መሆኑንም በሠርጓ ማግስት ቆጥሮ ደርሶበታል።

ታዲያ ከቃጫው የሚወጣው ብስባሽ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው በራስጌ አልነበረም። ራስጌዎች የሚጠጡት ከኩሬው በላይ ካለው ምንጭ ነው። ውሃው አረፋ ለብሶ ወደ ግርጌ ሲወርድ ይሸት ጀመር፤ በእሱ የታጠበ ልብስ ገላ ያሳክካል፤ ዓሣውም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ግርጌዎች ግን ዝም አሉ። ገመዱ መልካም ገመድ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አማች ነው፤ አማችን «ውሃህ ይሸታል» ብሎ የሚናገር ማን ነው? ቢተው ልጁን ሊጠይቅ በወረደ ቁጥር ጠላ ይቀርብለታል፣ እርጎ ይቀርብለታል። ጠላው የተጠመቀበትን ውሃ ሴቶቹ ተራራ ዞረው ከሌላ ምንጭ በጀርባቸው ያመጡት መሆኑን የነገረው የለም። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ወደ ግርጌ ሲመላለስ የግርጌን ውሃ አንድ ቀን ሳይቀምስ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት አንጓች እንደ አገሩ ደንብ ከአባቷ ቤት ሄዳ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። እዚያ እያለች የሕፃኗ ገላ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር፤ ግርጌ ተመልሳ በወንዙ ውሃ ካጠበቻት በኋላ ግን ጀርባዋ ሽፍ አለ፤ እንቅልፍም አጣች። አለኸኝ ይህን አይቶ ቆረጠ። «መስቀል ይለፍና ጭነን ቆላ እንውረድ፤ ወንድሜ ዘንድ መሬት አይጠፋም» አላት። አንጓች ግን ቆላው ከተራራው ወዲያ መሆኑን፣ ከዚያ የሚወጣ ጭስም ከአባቷ ደጅ እንደማይታይ ታውቃለች።

የሕፃኗ ክርስትና በደረሰ ዕለት ቢተው ሙክት እየጎተተ፣ ትከሻው ላይ ሰባት አዲስ ገመድ ለስጦታ አንጠልጥሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። የአንጓች አማት እሜት ዘርፌ በዋንጫ ጠላ ይዘው ብድግ ሲሉ አንጓች መንገድ ዘጋችባቸው።

«ይቆይ እሜቴ። አባቴ ዛሬ የሚጠጣው ውሃ ነው።»

«ምን ነካሽ አንቺ! ለአማች ውሃ? ሰው ምን ይለናል!»

አንጓች በሁለት እጇ ቅል አቀረበችለት። ቢተው ወደ አፉ አስጠግቶ መለሳት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሃ ነው አባዬ።»

«የየት ውሃ?»

«የእርስዎ ነው። ዛሬ ጠዋት ከደጅዎ የተነሣ ነው። እርስዎ ሦስት ሺህ አርባ እርምጃዎን ሲቆጥሩ እሱ ቀድሞዎት ገባ።»

አንጓች ሕፃኗን ከመታቀፊያዋ ፈትታ ጀርባዋን አሳየችው። «ገላዋን የማጥበው በዚህ ነው» አለችው፤ «ከመስቀል በኋላ ቆላ ልንወርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ጭሴን አይፈልጉት፤ አያዩትም።»

ቢተው የልጅ ልጁን ጀርባ ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ! ከእናንተ መካከል አንድ አፍ ያለው ሰው ጠፋ?»

ከግርጌ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «አፍስ ነበረን አያ ቢተው» አሉት፤ «ባንተ ገመድ ታስሮ ነው እንጂ። እሱ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ አይበጠስም።»

ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ታፍኖ የኖረው ሳቅ ከየማዕዘኑ ፈነዳ። ቢተው አልሳቀም። ቅሏን አነሣና ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። አንጓች ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አልነቀለችም ይባላል። ሲጨርስ ከንፈሩን እያሻሸ፣ «እሜት ዘርፌ፣ አሁን ያንን ጠላ ያምጡልኝ፤ ከንፈሬን በላኝ» አለ። ሲመለስም ባዶዋን ቅል ይዟት ሄደ። በዚያን ቀን እርምጃውን ዘጠኝ መቶ ላይ አድርሶ ቁጥሩ ጠፋበት፤ እንደገናም አልጀመረው።

በማግስቱ ኩሬው ውስጥ ገባና ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እስር ቃጫ በትከሻው አወጣ። ከወንዙ ርቆ ሰባት ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃ እንዳያሰርጉ ሆዳቸውን በመረሬ ጭቃ ለቀለቀ፤ ከዚያ በእንስራ እየቀዳ ሞላቸው። የበሰበሰውንም ውሃ ወንዙ በማይደርስበት ድንጋያማ ሜዳ ላይ ይደፋው ጀመር። ራስጌዎች «አያ ቢተው፣ ኩሬ ደጁ ያለ ሰው ውሃ ይሸከማል እንዴ?» ብለው ሲስቁበት፣ «እስከ ዛሬ ግርጌዎች ተሸክመውልኝ ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አላቸው። ቀድሞ በዓመት የሚያወጣው ገመድም በግማሽ ቀነሰ።

ክረምቱ ገባ፤ ጎርፉም የኩሬውን ብስባሽ ጠርጎ ወሰደው። መስቀል አለፈ። በእሑዱ አለኸኝ ሁለት አህያ ጭኖ፣ አንጓችም ልጇን አዝላ መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ፣ ቢተውን ዶቅማው ሥር ተቀምጦ አገኙት። ቅሏ በእጁ ነበረች። ወደ ወንዙ ወረደ፤ ቀድቶ ሦስት ጊዜ ተጎነጨ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

«እስከ ማታ ከዚህ አልነሣም» አለ። «ቁርጠት ከያዘኝ፣ ወይም ከንፈሬ ካበጠ፣ በሰላም ሂዱ። አላስቆማችሁም።»

አለኸኝ ሚስቱን አያት። «አህዮቹ ከነጭነታቸው ቆመው ይዋሉ?»

«ይዋሉ» አለች አንጓች፤ ከአባቷ ፊት ለፊትም ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንጓች ተነሥታ ቅሏን ከአባቷ እጅ ወሰደች። ውሃውን አሸተተችው፤ ጠጣችው፤ በመዳፏ ዘግና የልጇን አንገት አበሰችላት። ከዚያ ወደ አህያዋ ሄዳ የጭነቱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ በጥርሷ ሳበችው። ቢተው ከተቀመጠበት ሆኖ፣ «ጥሩ ገመድ ነው» አለ። በጥርሷ እንደያዘችው ሳቀች። ጭነቱ ወረደ፤ በፈታችው ገመድም ቅሏን ዶቅማው ላይ አሰረችና፣ «በየዓመቱ ይምጡ አባዬ» አለችው።

ቢተው እስኪሞት ሠላሳ አንድ ጊዜ ወርዶ ጠጣ ይባላል። ከእሱ በኋላ ተራው በራስጌ ከሁሉም ከፍ ብሎ ለሚኖር ሆነ፤ ወንዙን ማንም ሳይነካው በፊት የሚያገኘው እሱ ነውና።

እኔ የአሁኑን ቤቴን ከሠራሁ ወዲህ ቅሏ ለእኔ ደርሳለች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጠጥቻለሁ። ከቤቴ በላይ ባዶ መሬት አለ፤ ሊሠራበት የሚፈልግ ሲመጣ ቅሏንም አብሮ እንደሚረከብ እነግረዋለሁ፤ አራት ሰዎች ይህን ሰምተው ሌላ ቦታ ሠርተዋል። ኩሬው ዳር የሽንኩርት መድኃኒት መርጫውን ሊያለቀልቅ የተጎነበሰ ሰው ካየሁም፣ በዚህ ዕድሜዬ እሮጣለሁ። ምክንያቱም መስቀል ሩቅ አይደለም። በዚያ እሑድ ቅሏን ሳነሣ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ የግርጌ ሴቶች ጠጋ ብለው ይቆማሉ። አፌን አያዩም፤ አፍ ያስመስላል። የሚያዩት ጉሮሮዬን ነው።