ማሽኑ የጮኸበት

«አንድ ወርቅ ፈላጊ ነበረ» አሉ ሽማግሌው። ይህን ያሉት ሚስቱን ጠርጥሮ፣ «ልቤ ይጮሃል፤ እሷ ደግሞ ትምላለች፤ ማንን ልመን?» ብሎ ለጠየቃቸው ለአየነው ነው።

ይህ ወርቅ ፈላጊ ከአብሮ አደጉ ጋር በሬ ሸጠው ዲቴክተር የሚሉትን ማሽን ገዙ። ከመሬት በታች ብረት ወይ ወርቅ ሲያገኝ የሚጮኸውን ማለቴ ነው። እሱ ማሽኑን ሊይዝ፣ ጓደኛው ሊቆፍር፣ የተገኘውን እኩል ሊካፈሉ ተማማሉ። መሐላ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

ብዙ ሰው ወርቅ ወደሚቆፍርበት ወንዝ ዳር ወረዱ። ማሽኑ ጮኸ። ጓደኛው ቆፈረ፤ አፈር። ፈቀቅ አሉ፤ ደግሞ ጮኸ። ቆፈረ፤ ጠጠር። ሰውየው መጀመሪያ መሬቱን ረገመ፤ ቀጥሎ ማሽኑን የሸጠላቸውን ነጋዴ ረገመ። በኋላ ግን ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት። «ማሽን ሆድ የለው፣ ለምን ብሎ ይዋሻል? ሆድ ያለው ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለ በልቡ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱን ትቶ የጓደኛውን እጅ ያይ ጀመር። ላቡን ሲጠርግ ወርቅ አፉ ውስጥ የከተተ፣ ውሃ ሲጠጣ የዋጠው ይመስለዋል።

አንድ ቀን አልቻለም። የጓደኛውን አንገት አነቀና «ማሽኑ ጮኋል፤ ወርቁ የት ገባ?» አለው።

«በልጆቼ እምልልሃለሁ፣ አፈር ብቻ ነው።»

«አፍህን ክፈት!» ከፈተ። «ልብስህን አውልቅ!» አወለቀ። የልጆች አባት በጠራራ ፀሐይ፣ በቆፋሪው ሁሉ ፊት ራቁቱን ቆመ! ምንም አልተገኘበትም። ልብሱን ለበሰና ዶማውን እዚያው ጥሎ አገሩ ገባ።

ሰውየው ብቻውን ቀረ። ማሽኑ አሁንም ይጮሃል፤ አሁንም አፈር። አንድ ቀን በረባሶው ጭቃ ቢይዝበት አውልቆ ወዲያ ጣለው። በባዶ እግሩ ማሽኑን ቢያዞር ዝም። ወደ በረባሶው ቢያስጠጋው ጮኸ። ያ ከጎማ የሚሠራ ጫማ፣ መቼም ታውቀዋለህ፣ ማሰሪያው በምስማር ነው የሚመታው። ለካ ማሽኑ ሲጮህ የከረመው በገዛ እግሩ ምስማር ኖሯል! እዚያው ዘጭ ብሎ አለቀሰ።

በረባሶውን ይዞ ጓደኛው ቤት ሄደ፤ እግሩ ላይ ወደቀ። ጓደኛው አነሳው፤ አበላው። «ይቅር ለእግዜር» አለው።

«እንግዲያ ተነስ፣ አብረን እንመለስ» አለ ሰውየው።

«የለም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ነው ቤቴ የገባው። ልጆቼን ‹የሌባ ልጅ› ይሏቸዋል። ምስማርህን በየቤቱ እየዞርክ ታሳይልኛለህ?»

ሰውየው በረባሶውን አንስቶ ብቻውን ተመለሰ።

ሽማግሌው ወደ አየነው ዞሩ። «የአንተም ልብ ጮኋል፤ አልካድኩህም። ግን እሷን ከመፈተሽህ በፊት እግርህን እይ። አንተ ማታ ማታ የማንን በር እንደምታንኳኳ የማላውቅ መሰለህ? የሰው በር የሚያንኳኳ፣ የገዛ በሩ የተንኳኳ ሳይመስለው አያድርም። የምትሰማው የራስህን ኮቴ ነው።»

አየነው አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«ጥርጣሬህን በሰው ፊት ተናግረሃል?»

«ትናንት... ገበያ መሐል።»

«እንግዲያ ዘግይተህ ነው የመጣኸው፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።