የአህያ ሻማና የጅብ ገመድ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በዋሻ ውስጥ ያስችል በነበረበት ዘመን፣ ባለጉዳይ ሁሉ የራሱን ሻማ ይዞ እንዲቀርብ ደንብ ነበረ። ዋሻው ጥልቅ ስለሆነ ቀትር ላይም ጨለማ ነው። ደንቡም አጭር ነው፦ ባለጉዳይ ሻማው እስኪጠፋ ይናገራል፤ ሻማው ከጠፋ ቃሉ አለቀ። ሳይናገረው የቀረውን ማንም አይሰማለትም።

አድልዎ እንዳይኖር ዕቃውም ሰሙም ለሁሉም እኩል ነበር። ዕቃው አፉ የአንበሳ መዳፍ የሚያህል የሸክላ ማሰሮ ነው። ሰሙ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው። የንብ ሰም እንዳይሆን ንቦቹ አልፈቀዱም፤ ሞራ እንዳይሆን ደግሞ ሞራ ከማን እንደሚወጣ ባለጉዳዮቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰሙን እያቀለጠች የምታድለው ጦጣ ነበረች። ለባለጉዳዩ የቀረለት ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ የሻማው ክር።

ታዲያ ጅብ አህያን ከሰሳት። ክሱ እንዲህ ይላል፦ «አህያ የምትግጠው መስክ የእኔ ነው። ስለዚህ ሣሩ የእኔ ነው። ሣሩ በአሁኑ ጊዜ የሚገኘው በአህያዋ ሆድ ውስጥ ነው። ሣሬን ለማግኘት አህያዋ ትከፈትልኝ።»

አህያ ክሱ ሲነበብላት ጆሮዋን አንድ ጊዜ አወዛወዘች። ቢፈረድባት የሚሆነውን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ቀጠሮው ለሰባተኛው ቀን ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ ወደ አህያ መጣ። የሚመጣው ከጅብ ቤት ነው፤ ጅብ ከረታ ጉበቷ ለእሱ እንዲሆን ተስማምተዋል። ይህን ግን አላነሳውም።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት አህያ? ክርሽን መረጥሽ?»

«ገና ነኝ፣ አያ ቀበሮ።»

«ምን ያስጨንቅሻል! የጧፍ ክር አድርጊበት። ቀጭን ክር ሰም ይቆጥባል። አንቺም ዝግ ብለሽ ነው የምትናገሪው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ታወሪበታለሽ።»

ክፋቱ ምክሩ ሞኝ ምክር አለመሆኑ ነው። ጧፍ ያየ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አህያም ጧፍን ታውቃለች፤ በወጣትነቷ ለደብር ሰም ተሸክማለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሸኘችው። ብዙዎች አህያ የተጫነችውን ሁሉ ዝም ብላ የምትሸከም ይመስላቸዋል። እሷ ግን ክብደቱን ሳታውቅ እግሯን አንሥታ አታውቅም።

ቀበሮ ከዓይኗ ሲርቅ ወደ ጦጣ ሄደች።

«እመት ጦጢት፣ ትራፊ ሰም ይኖርሻል?»

«ለምንሽ ነው?»

«ላበላሸው።»

ጦጣ በሳቅ ከቅርንጫፉ ልትወድቅ ነበር። «አገሩ ሁሉ የእኔን ሰም የሚያበላሸው ችሎት ፊት ቆሞ ነው። አስቀድማ ላበላሽ ብላ የመጣች አንቺን አየሁ!»

ትራፊውን ሰጠቻት። ሦስት ማሰሮም ጨመረችላት፤ ጥጥ ፈትላም የጧፍ ክር የሚያህል ቀጭን፣ የጅራት ጫፍ የሚያህል ወፍራም፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሁለት ፈትል አንድ ላይ የተገመደ ክር አዘጋጀችላት። አህያ ማሰሮዎቹን ከአንድ ዋንዛ ሥር ደረደረችና ጊዜውን በዛፉ ጥላ እየለካች ተቀመጠች።

ቀጭኑ ክር መጀመሪያ ላይ ጨዋ መስሎ ነበር። ነበልባሉ ሽምብራ አክሎ በዙሪያው ያለውን ሰም ብቻ እያቀለጠ ወደ ታች ወረደ። ዳር ዳሩ ያለው ሰም እንደ ቅጥር ቆሞ ቀረ። ጥላው ከግንዱ ፈቀቅ ሳይል ነበልባሉ ራሱ ባቀለጠው ሰም ውስጥ ሰጠመና ጭስ ብሎ ጠፋ።

«ጉድጓድ ቆፍሮ ገባበት!» አለች ጦጣ።

«ሰሙ ሳያልቅ እሳቱ አለቀ» አለች አህያ። «ጧፍ እኮ ራሱ ቀጭን ነው፤ ክሩ ያችኑ ጣት የምታህል ሰም ነው የሚያቀልጠው። ይህ ማሰሮ ግን የአንበሳ መዳፍ ነው።»

ወፍራሙ ክር በተቃራኒው ጀግና ነበር። ነበልባሉ ዘለለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ የክሩ ጫፍ እንደ እንጉዳይ አበጠ። ማሰሮውን በአፍንጫዋ ብትነካው አንገበገባት። ሰሙም እንደ ድግስ ጠላ ወዲያው ተጋመሰ።

ሁለቱ ፈትል ይሻል ነበር፤ የቀለጠው ሰም ጠርዙ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ግን ቆመ።

«ይህ ሰም እንደ ንብ ሰም አይደለም» አለች ጦጣ። «ዝግተኛ ነው። ትንሽ ወፈር ያለ ክር ካልጎተተው አይነሣም።»

«እንግዲያው አንድ ፈትል ጨምሪበት።»

ሦስቱ ፈትል ሲገመድ የቀለጠው ሰም ቀስ ብሎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላ፤ እዚያም ረጋ። አህያ ግን አላመነችም። በነጋታው እንደገና አነደደችው። የክሩ ጫፍ ሲረዝም እንደሚያጨስ ስላየች፣ ከማቀጣጠሏ በፊት የጥፍር ያህል አስቀርታ በጥርሷ ቆረጠችው። ጭሱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሣር ስትግጥ ሰነበተች።

ጅብ በበኩሉ ለሻማው ክር የሚሆን ከበሬ አንገት የተፈታ የቃጫ ገመድ አግኝቶ ነበር።

«ሞክረኸዋል?» አለው ቀበሮ።

«እሳት ምኑ ይሞከራል?» አለ ጅብ። «ትልቅ ክስ ትልቅ እሳት ነው የሚፈልገው።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ሁሉም ያውቁታል፣ እሱ ግን ቁርበት አስነጥፎ ተቀመጠ። ከሳሽ ስለሆነ መጀመሪያ ገመዱን ለኮሰ። እሳቱ ቦግ ብሎ ተነሣ። ጅብ በነበልባሉ እጅግ ስለረካ ከቅድመ አያቱ ማዕረግ ጀመረ።

«ጌታዬ ሆይ፣ ቅድመ አያቴ፣ የሰባት ተራራ ጌታ፣ የስምንት ገደል—»

«ኡህ! ኡህ!» አንበሳን አሳለው። «አያ ጅቦ፣ ድምፅህን እሰማለሁ፤ ፊትህ የታለ?»

«እዚሁ ከጭሱ ኋላ ነኝ፣ ጌታዬ! የአያቴን ብቻ ልጨርስና… ስለዚህ ይህች አህያ—»

ቋ! ማሰሮው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰሙ ፈሰሰ፤ ዋሻው ጨለመ።

«ጌታዬ! ዋናው ነገር እኮ ከ'ስለዚህ' በኋላ ነው!»

«ጠፋብህ» አለ አንበሳ በጨለማው ውስጥ። «ተከሳሿ ታብራ።»

የአህያ ሻማ በራ። ነበልባሉ የሚጥሚጣ ፍሬ አክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ» አለች፤ «በዚያ መስክ እናቴ ግጣለች፤ እኔም እግጣለሁ። አያ ጅቦን እዚያ ሳየው ዓይኑ ሣሩ ላይ ሆኖ አያውቅም። ቃሌ ይኸው ነው።»

አንበሳ ወደ ማሰሮው ጎንበስ አለ። ሰሙ ገና ምንም አልጎደለም። «ብዙ ብርሃን ተርፎሻል። ጨምሪ።»

«የምጨምረው የለኝም። ደንቡ ካልከለከለ የቀረውን ለአያ ጅቦ ሰጥቼዋለሁ። 'ስለዚህ' ብሎ ቀርቷልና ይጨርስ።»

«አብደሻል እንዴ?» አለች ጦጣ በሹክሹክታ።

«አሁን ይታያል» አለች አህያ።

አንበሳም ፈቀደ። ጅብ ዘሎ ተነሣ። ቅድም ጭስ ሸፍኖት ነበር፤ አሁን ግን ከአፉ የሚንጠባጠበው ምራቅ ሁሉ ይታይ ነበር።

«ስለዚህ ሣሬ ይሰጠኝ! ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሣሬን ብቻ!»

«ሣርህን እንዲህ ትወደዋለህ?» አለ አንበሳ።

«ከነፍሴ አስበልጬ!»

አንበሳ ከመስኩ አንድ እቅፍ ሣር አስመጣና ፊቱ አስቀመጠለት። «ይኸው። ከሆዷ ከምናወጣው ይህ ትኩስ ነው። ብላ።»

ጅብ ሣሩን አየ። ቀበሮን አየ። ቀበሮ የዋሻውን ግድግዳ ይመረምር ነበር። ጅብ ጎረሰ፤ ሁለቴ አላመጠ፤ ከዚያ ዓይኑ ፈጥጦ ሁሉንም መልሶ ተፋው።

«ምነው?»

«ጌታዬ፣ እንዲህ ባዶውን አልለመድኩትም።»

«እንዴት ነው የለመድከው?»

«በአህያ ተጠቅልሎ» አለ ጅብ፤ ሳያስበው አመለጠው።

ዋሻው በሳቅ ተናጋ። አንበሳ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ፈረደ፦ «መስኩ የአህያ ነው። ከእንግዲህ ጅብ በዚያ መስክ ቢገኝ ሣር ሊግጥ እንደመጣ ተቆጥሮ፣ እስኪጠግብ ይግጣል።»

ጅብ ቁርበቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ቀበሮ ግን ቀድሞት ወጥቶ ነበር።

አንበሳ አሁንም ቀጥ ብሎ የሚነደውን ነበልባል እያየ፣ «እመት አህያ፣ ክሩን ማን መረጠልሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ማሰሮው ነው፣ ጌታዬ» አለች አህያ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሻማ ክር የሚመረጠው ነበልባሉን ለማሳመር ሳይሆን በዕቃው ስፋትና በሰሙ ጠባይ ተለክቶ መሆኑንና ይህንንም አስቀድሞ በቤቱ የሞከረ በአደባባይ እንደማይጨልምበት ነው።