የጠፉት አርባ ሦስት ስህተቶች

አንድ ፕሮግራም ሠሪ በአንድ ቆላ ከተማ ይኖር ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ መሞቅ ሲጀምር ለነርሷ ስልክ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። መብራት ሄዶ መልእክቱ ሲደርሳት ሲስተር አስካለ ካለችበት ሮጣ መጥታ ጄኔሬተር ታስነሳለች። ክትባቱ የሚተርፈው በዚያች መልእክት ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያውን ኮምፒውተር አፕግሬድ አደረገው፤ አዲስ ሲስተም ጫነበት። ከዚያ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ሊያደርግ ሲል ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ኮምፓይል ማለት ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ ነው፤ ያልገባውን መስመር ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ይሄኛው አርባ ሦስት መለሰ።

ሙያውን ላስተማሩት ለጋሽ ደምሰው ደወለ።

«ጋሼ፣ አርባ ሦስት ስህተት! አዲሱ ሲስተም ጉድ ሠራኝ።»

«የመጀመሪያው ምን ይላል?»

«እሱን ማን አየው? እኔ ያለሁት መጨረሻው ላይ ነው።»

«ወደ ላይ ውጣና እሱን ብቻ አንብብልኝ። አንዱ ሲበላሽ ነው ሌላው ሁሉ ተከትሎ የሚጮኸው።»

«እሺ፣ መልሼ ልደውል» ብሎ ዘጋ። አልደወለም።

ሲስተር አስካለ በበሩ ብቅ አለች። «አንተ፣ ዛሬ ያልቃል ወይስ ፍራሽ ላምጣልህ?»

«አለቀ በይው!»

ከዚያ አቋራጭ አገኘ። ማሽኑ የጮኸበትን መስመር ያጠፋል፣ ቁጥሩ ይቀንሳል። አርባ ሦስቱ ሠላሳ ሆነ፣ ሠላሳው ዘጠኝ። በቀነሰ ቁጥር ደስ ደስ አለው። ከምሳ በፊት ዜሮ ገባ፤ የማቀዝቀዣው ሙቀትም ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ይኸው ሲስተር፣ አንድም ስህተት የለውም።»

«እጅህ ይባረክ» አለችው። አመነችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ በባትሪ እየሠራ ነበር፤ ስልኳ ግን አልጮኸም። ሰኞ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለክትባት መጡ። ሲስተር ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ውስጡ ሞቋል። ፕሮግራም ሠሪው ተጠርቶ ሲመጣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣች ማስወገጃ ሳጥን ውስጥ ስትከት ደረሰ። ከሩቅ የመጣች አንዲት እናት ሠራተኛ መስሏት «ታዲያ መቼ ልመለስ?» ብላ ጠየቀችው።

ያንኑ ቀን፣ ያጠፋቸውን መልእክት የሚልኩትን መስመሮች መለሰና ከላይ ጀመረ። የመጀመሪያው ስህተት የሚለው ይህን ብቻ ነበር፦ መልእክት የሚልከው ፋይል በነበረበት ቦታ የለም። አፕግሬዱ ቦታውን ቀይሮት ኖሯል። አዲሱን ቦታ ጻፈለት። አርባ ሦስቱም ባንዴ ጠፉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

ለጋሼ ደወለ። «የመጀመሪያውን አሁን አነበብኩት።»

ጋሽ ደምሰው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። «እናቶቹስ?»

«ሄዱ፣ ጋሼ።»

ስህተቱ ሲታረምና ስህተቱን የሚናገረው ሲወገድ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው ዜሮ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ቀን ሲከፋ ነው። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። ሚስት ስትናገር እናቋርጣታለን፣ ልጅ ሲያኮርፍ እንቆጣዋለን፣ የሚያስጠነቅቀንን ጓደኛ ምቀኛ እንለዋለን። ዝም ሲሉልን ሰላም ወረደ ብለን እፎይ እንላለን።

እስቲ አንድ ሰው አስቡ፤ ድሮ ይነግራችሁ የነበረ፣ አሁን ግን ዝም ያለ። ችግሩ ተፈቶለት ነው ወይስ የሚሰማው አጥቶ? መጀመሪያ ላይ የነገራችሁስ ምን ነበር?