እመት ኤሊና የቁልቁለቱ ጉልበት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ መንጃ ፈቃድ በነበራቸው ጊዜ፣ ስሟን ለጊዜው በማልነግራችሁ አንዲት አገር እህል ሞልቶ ዱቄት ጠፋ። ወፍጮ ተገዝቷል፤ ግን ወፍጮው ከገደሉ ወዲህ፣ አገሩ ከገደሉ ወዲያ። በመካከል ረጅም ቁልቁለት፣ ከሥሩ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዳገት አለ።

በዚያ መንገድ ጭነት የሚያመላልሰው አያ ጅቦ ብቻ ነበር። የናፍጣ መኪናው ሲነሳ ተራራው ይንቀጠቀጣል። ዋጋውም ያው የጅብ ዋጋ ነው፤ ለወፍጮው የእናት አህያን ውርንጭላ ጠየቀ። እናት አህያ አለቀሰች።

ይኼኔ እመት ኤሊ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪናዋን ይዛ መጣች። ያለ ምንም ዋጋ እኔ እጎትተዋለሁ አለች። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ያልጮኸ አይጎትትም፣ እመት ኤሊ።»

«እኔ ቤቴን ተሸክሜ ስኖር መቼ ጮኼ አውቃለሁ፣ አያ ጅቦ?»

ተስማሙ። መንገድ ላይ ከቆመች ጭነቱም ውርንጭላውም የእሱ ነው። ወፍጮው ተሳቢ ላይ ወጣ፣ ተሳቢው ከመኪናዋ ተያያዘ፣ እናት አህያም ከነልጇ ጋቢና ገባች። አያ ጅቦ ባዶ መኪናውን እየነዳ፣ ምራቁን እየዋጠ ከኋላ ተከተለ።

ጭነት ባትሪ ይበላል፤ ይኼ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዷል። እናት አህያ ይኼን አይታ ልጇን እቅፍ አደረገች።

አያ ጅቦ ወርዶ መጣ፤ ድምፁ ማር ማር ይላል።

«እንደኛ እንደ አሮጌ ሾፌሮች አድርጊ። ማርሹን ፍሪ አድርጊና ልቀቂው፤ ጉልበት ትቆጥቢያለሽ።»

እውነትም የአገሩ ሾፌር ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው እንዲያ ነበር። እመት ኤሊ ግን መኪናዋን ታውቃለች። ፍሪ አላደረገችም። ወፍጮው ከኋላ ሲገፋት ሞተሩ እየያዘ፣ የግፊቱን ጉልበት ወደ ባትሪው እየመለሰ፣ ቀስ ብላ ወረደች። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጥፍቶ በፍሪ ለቀቀው። ፍሬኑ ጋለ፣ ጨሰ፣ ከዳው። አጠገቧን ሽው ብሎ አልፎ ወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ እስከ ጎማው ተቀበረ።

እመት ኤሊ ወንዙን ተሻግራ ባትሪውን ብታይ ለዳገቱ የሚበቃ ሞልቶላታል። ያለ አንዳች ጩኸት ወጣች። አገሩ በእልልታ ተቀበላት፤ ያን ቀን ሁሉም ቤት ዱቄት ገባ። እሷ ግን ባትሪዋን ሞልታ ወደ ወንዙ ተመለሰች። አያ ጅቦ አሁንም አሸዋው ውስጥ ነው፤ ሞተሩም ይጮኻል፣ እሱም ይጮኻል።

«ይኸው ትጮኻለህ፣ አያ ጅቦ፤ ታዲያ ለምን አትጎትትም?»

ጆሮውን ጣለ። ሰንሰለት አሰረችለትና ያንን የናፍጣ ጎረምሳ አገር እያየ ዳገቱን አወጣችው፤ ውርንጭላውም ከፊት ከፊት ይቦርቃል። ይኼን ባወራሁ ቁጥር የእኔም ደረት ይነፋል፤ ኤሊዋ የኛው አገር ልጅ ናታ።

አሮጌ ሾፌሮችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፦

ቁልቁለቱን ያባከነ፣
ዳገቱ ላይ ለማኝ ሆነ።