ያስቡበት ኮረብታ

ከዋርካ ሜዳ ገበያ በላይ ያለው፣ አናቱ እንደ አሮጌ በርጩማ የጎደጎደው ኮረብታ ዛሬ «ያስቡበት» ይባላል፤ ያጎደጎደውም ዝናብ ሳይሆን የግራዝማች አስናቀው ቂጥ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

እንደሚነገረው አስናቀው (አንቱታው ለበቅሎው ይሁንና) ያገሩ ሹም በነበረ ጊዜ ቦርጩ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲሳለም እሱ ገና ከቤቱ አልወጣም ነበር። በዚያው ዘመን ሰም ነጋዴዋ ወይዘሮ ደብሪቱ የሦስት ዓመት ሰሟን አከማችታ፣ ገዥ አጥታ ቀፎዋን ጥላ ልትሰደድ ስትል፣ ሰም ፈላጊ ጃፓናዊ ነጋዴ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ፤ መጀመሪያ ግን ሹሙን ሊተዋወቅ ይገባው ነበርና ደብሪቱ ራሷ ወሰደችው።

እንግዳው ስሙ የተጻፈባትን ካርድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብሎ ቢሰጠው፣ አስናቀው በግራ እጁ ተቀብሎ ጥርሱን ጎረጎረባት። ቀጥሎ በሐር የተጠቀለለ ሣጥን ቀረበ። በእንግዳው አገር ወግ ይህ የመተዋወቂያ ስጦታ ነው፤ ሰጪው ከሄደ በኋላ ይፈታል፣ በሌላ ስጦታም ይመለሳል። በአስናቀው ጭንቅላት ግን፣ ጭንቅላት ከተባለ፣ አጎንብሶ ሣጥን የሚያቀርብ ሁሉ ገባር ነው፣ ሣጥኑም እጅ መንሻ። እዚያው ዘነጠለው። ጣፋጩን ከነወረቀቱ ዋጠ፣ ሐሩን አንገቱ ላይ ጠመጠመ።

«ምሬሃለሁ፣ ቀና በል! አንተ አስተርጓሚ፣ ለከርሞ ሲገብር በቅሎ ይጨምር በለው!»

«ኧረ ጌታዬ፣ እንግዳ እኮ ናቸው!» አለች ደብሪቱ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ሰም አቅላጭ! ይኸው አገሩ በሙሉ ገበረልኝ።»

እንግዳው ፈገግ አለና እንደገና አጎንብሶ «እናስብበታለን» አለ። አስናቀው በደስታ ጭኑን መታ። አስተርጓሚው ግን ላብ አጥምቆት በጆሮዋ፣ «እትዬ ደብሪቱ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው ነው፤ እነሱ ዘንድ ይህ ‹ዓይንህን ለአፈር› ማለት ነው» አላት።

ደብሪቱ ነጭ ማር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ተሰናብቶ የወጣውን እንግዳ እየሮጠች ወንዙ ዳር ደረሰችበት፤ በሁለት እጇ፣ ከሱ ይበልጥ ዝቅ ብላ ዘረጋችለት። «አይገባኝም» አለ። «በሞቴ!» አለች። «አይገባኝም።» «አፈር ስሆን!» ለሦስተኛ ጊዜ ስትዘረጋለት ተቀበላት፤ በዚህስ ዋርካ ሜዳና ጃፓን ያንድ እናት ልጆች ናቸው። ጥቅሉን ሳይፈታ ተሰናበታት፣ በሳምንቱም ሰሟን እስከ ፍርፋሪው ገዛ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የደብሪቱ ሰም በሰባ በቅሎ ተጭኖ በኮረብታው ግርጌ ሲያልፍ፣ አስናቀው አናቱ ላይ ተጎልቶ፣ ጃፓን መስሎት በሱዳን በኩል ዓይኑን ተክሎ፣ «ገባሬ ምነው ዘገየ?» እንዳለ ሞተ ይባላል።

ዛሬም በዋርካ ሜዳ ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች፣ አባትየው «እናስብበታለን» ካላቸው ሁለተኛ ቃል አይጠብቁም፤ ከዘራቸውን አንስተው ውልቅ ይላሉ። ይህን ሰምተው ቤታቸው ገብተው የሰርግ በግ የሚያደልቡት የአስናቀው የልጅ ልጆች ብቻ ናቸው።