ከመስታወቱ አልላቀቅም ያለችው ዓሣ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ የጫካው እንስሳ ሁሉ የሚቀናበት ነገር በቤቱ ነበረው፤ ትልቅ የመስታወት ገንዳ። ውስጡ ቀይና ወርቃማ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። አንበሳ ምሳውን በልቶ ሲያበቃ ከገንዳው ፊት ይጋደምና እነሱን እያየ እንቅልፍ ይወስደዋል። የንጉሥ ነገር!

ታዲያ ፀሐይ የሚያገኘው ውሃ እንዲሁ ጠርቶ አይቀርም። አልጌ የሚሉት አረንጓዴ የሚያሟልጭ ነገር መስታወቱን አለበሰውና ዓሦቹ ጭራሽ አልታይ አሉ። ጅብ በመዳፉ ፈተገው፤ መስታወቱን ከመጫጫር በቀር የፈየደው የለም። በመጨረሻ ከወንዝ አንዲት ግራጫ ዓሣ መጣች። አፏ ከአገጯ ሥር ነው፤ ካገኘችው ነገር ላይ ተለጥፋ አልጌውን እየላሰች ትበላለች። ስለዚህም ልጥፌ አሏት። ልጥፌ መስታወቱን ከጥግ እስከ ጥግ ላሰችው፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ።

አንበሳም ደስ ብሎት «አልጌው ሲያልቅባት እንዳትራብ በየቀኑ የጎመን ቅጠል ይሰጣት» ብሎ አዘዘ። ትእዛዙስ መልካም ነበር። ክፋቱ፣ ቀለብ እንዲያድል የተሾመው ጅብ መሆኑ ነው።

አህያ ጎመኑን ከጓሮ ጭና ስትመጣ ጅብ ይቀበላል። ይህን ያየች ቀበሮ አንድ ቀን ጅብን ለብቻው ያዘችው።

«አያ ጅቦ፣ አንተን የመሰለ ጎልማሳ ጎመን ሲያድል ሳይ አንጀቴን በላኸው።»

«ምን ላድርግ እመት ቀበሮ? የንጉሥ ትእዛዝ ነው።»

«ዓሣዋ የምትኖረው በእድፍ አይደል እንዴ? ለእድፍ ላሽ ጎመን ምን ያደርግላታል? አህያዋን በጎመኑ ፋንታ ከመንደሩ ሥጋ ቤት አጥንት ጫኚ በላት። ግማሹ ላንተ፣ ግማሹ ለእኔ።»

ጅብ አጥንት የሚለውን ከሰማ በኋላ የቀረውን አልሰማም። ምራቁን ዋጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ አለቀ።

ልጥፌ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቅ ጎመን የለም። በማግስቱም የለም። የላሰችውን መስታወት ደግማ ላሰችው፤ ግን ከጠራ መስታወት ላይ ምን ይገኛል? ጅብ ብቅ ሲል ጠየቀችው።

«አያ ጅቦ፣ የእኔ ድርሻ የታለ?»

«አንቺ የምትበዪው እድፍ ነው። እድፉ ካለቀ አለቀ።»

«ያለቀው እኮ እኔ ስለሠራሁ ነው!»

«ታዲያ ማን ሥሪ አለሽ?» አለ ጅብ፤ ሲስቅ ከጥርሱ መሃል የአጥንት ፍርፋሪ ውሃው ላይ ወደቀ። «ደግሞ ሂጂ ከድንጋዩ ኋላ ተቀመጪ። ግራጫ መልክሽ የቀዮቹን ውበት ያደበዝዛል። ብቅ ስትዪ ካየሁሽ አውጥቼ ደረቅ አፈር ላይ ነው የምጥልሽ።»

ልጥፌ ፈራች። ማን አይፈራም? ከድንጋዩ ኋላ ገብታ ሰነበተች፤ ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ። አንዷ ወርቃማ ዓሣ አዘነችላትና ልትመክራት መጣች።

«እህቴ፣ ዝም ብትዪ ይሻልሻል። ጎመን በጤና ይባላል።»

«ጎመኑስ የታለ? ጤናውስ የታለ?» አለች ልጥፌ። ይህን ስትናገር ንዴቷ ከረሃቧ በለጠባት። «ዝም ብልም እሞታለሁ፣ ብናገርም እሞታለሁ። እንግዲያው እያዩኝ ልሙት!»

ብዙም ሳይቆይ አንበሳ ግብዣ ጠራ። ዝሆን፣ ነብርና ጎሽ መጥተው ከገንዳው ፊት ተሰበሰቡ። አንበሳ ጎፈሩን ነስንሶ «ዓሦቼን እዩልኝ!» ከማለቱ ልጥፌ ከድንጋዩ ኋላ ወጣች። ቀዮቹንና ወርቃማዎቹን በመሃል ሰንጥቃ መጥታ፣ ልክ በአንበሳ አፍንጫ ትይዩ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። እንዲህ ዓይነቷ ዓሣ መስታወት ላይ ስትለጠፍ ከውጭ የሚታየው ሆዷ ነው። የልጥፌ ሆድ ደግሞ እንደ ባዶ ስልቻ ተጣብቋል።

«አንቺ! ተመለሺ!» ብሎ ጅብ መዳፉን ውሃው ውስጥ ከተተ። ጎተታት። አልተነቃነቀችም። በሁለቱም መዳፎቹ ጎተታት፤ ውሃው የዝሆንን እግር አጠበው እንጂ እሷስ ንቅንቅ አላለችም።

«አትድከም አያ ጅቦ!» አለች ልጥፌ። በተለጠፈ አፍ እንዴት ተናገረች እንዳትሉኝ፤ በተረት አገር የተራበ ሆድ ራሱ ይናገራል።

አንበሳ ቀረብ ብሎ «ይህች ዓሣ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?» አለ።

ቀበሮ ቀደም ብላ «ጾም ይዛ ነው ንጉሥ ሆይ! መቼም መንፈሳዊ ናት» አለች።

«ጾም የሚያዘው በፈቃድ ነው! እኔን ጾም ያስያዘኝ ጅብ ነው» አለች ልጥፌ። «ጎመኔ የት እንደገባ ይጠይቁልኝ ጌታዬ። አለዚያ ከዚህ አልላቀቅም፤ እዚሁ እሞታለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሬሳዬን ያሳዩ!»

በር ላይ የቆመችው አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ «ጎመን? ጎመንማ ከቀረ ሰነበተ። አያ ጅቦ ትእዛዙ ተለውጧል ስላለኝ አጥንት ነው የምጭነው» አለች። የዋህ ናት፤ ምን እንዳፈነዳች እንኳ አልገባትም። ቀበሮ በየት በኩል እንደወጣች ያየ የለም። ጅብ ግን መዳፉ አሁንም ውሃ ውስጥ ነበር።

አንበሳ አገሳ። ጅብን እዚያው ከሹመቱ ሻረውና ከዚያ ወዲያ ጎመኑን በገዛ ጀርባው እንዲሸከም ፈረደበት። ከዚያ ወደ ልጥፌ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው ለብቻዬ ብትነግሪኝ ኖሮ? በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ እኮ» አላት።

«ለብቻዎ ሲሆኑማ ጌታዬ፣ ቀዮቹን እያዩ ይተኛሉ» አለችው። «እኔን ያዩኝ ዛሬ ነው።»

ነብር ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ለአንበሳ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶ ውሎ ያደረ የለማ። አንበሳ ግን ያን ባዶ ሆድ አየው፤ ደግሞ አየው፤ አፈረ። ማንንም ሳያዝ ራሱ ጓሮ ወርዶ የጎመን ቅጠል በአፉ ይዞ መጣና ውሃው ውስጥ ጣለላት። ልጥፌ ቅጠሉ ገንዳው ታች እስኪያርፍ ድረስ መስታወቱን አልለቀቀችም።

«ነገስ?» አለች፣ ገና ሳትቀምሰው።

«ነገም ይመጣል» አለ ንጉሡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድርሻውን የተነጠቀ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥ የሚያደልበው ቀማኛውን ብቻ መሆኑን ነው።